የቢጫው እሾህ ባለቤት

ዲዮሴሊናን በሰባ አራት ዓመት ዕድሜዋ ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም፤ ይህን በደሏን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ለሁሉም ትናገራለች። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን በደሉ ስም አገኘ። ዳቦ ልትገዛ ወርዳ፣ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ከተደረደሩት የለስላሳ ሳጥኖች ጀርባ ቆማ ተራዋን ስትጠብቅ፣ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ዶን ፓርሜኒዮ ከውስጥ ሲያወራ ሰማችው። ማዘጋጃ ቤቱ ከሰፈሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ችግኝ ጣቢያ ሊከፍት ነው፤ ከነዋሪው አንድ ሰው በወር ደመወዝ ይቀጥራል፤ ኮሚቴው ያጨው ደግሞ ኤርሲሊያን ነው። «ዶኛ ዲዮሴሊናስ?» አለች ባለ ዳቦ ቤቷ። «ቅጠል የምታውቀው እሷ አይደለች እንዴ?» ዶን ፓርሜኒዮ እያላመጠ ሳቀ። «ማወቁንማ ታውቃለች። ግን እሷ እኮ በአውራ ጣቷ ነው የምትፈርመው። የችግኙን ስም ማን ይጻፍላት? ወይስ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ አውራ ጣቷን ታትምበት?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሳጥኑን በእግሯ ገፍታ ገብታ አፉ ውስጥ ያለውን ዳቦ ታስተፋው ነበር። ያን ቀን ግን አራት ዳቦ ገዛች፤ ባለ አምስት መቶ ፔሶው ዳቦ የሕፃን ጡጫ ማከሉን እንኳ ሳትናገር ወጣች። ባለ ዳቦ ቤቷ የታመመች መስሏት ከኋላ ጠራቻት። ያንገበገባት የሰውዬው ነገር እውነት መሆኑ ነው። በአውራ ጣቷ ትፈርማለች። ቦያካ ገጠር ተወልዳ፣ በሰባት ዓመቷ ድንች ለቀማ ተልካ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ ቦጎታ የገባች ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ተራራው ላይ የበቀለውን ሁሉ ግን አብጠርጥራ ታውቃለች። የቱ ቅጠል ሳል እንደሚያቆም፣ የቱ ላም እንደሚያስወርድ፣ የቱ እንጨት ጭሱ ዓይን እንደማያቃጥል፣ የቱ ፍሬ ባዶ ሆድ ላይ ቢበላ እንደማይጎዳ ታውቃለች። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ተዘልላ ሌላ ሰው ተመረጠ። ሌላ ማንም ሴት ብትሆን የዲዮሴሊና ንዴት ከሳምንት አያልፍም ነበር። ኤርሲሊያ ግን እህቷ ናት።

ሁለቱ እህትማማቾች የሚኖሩት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ነው፤ ካልተነጋገሩ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። ተራራው ላይ ሬታሞ የሚሉት ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ አለ። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ከሥሩ እስከ ጫፉ እሾህ። ለስላሳው መጥረጊያ ይሆናል። እሾሃሙ ለምንም አይሆንም፤ ያገኘውን መሬት ሁሉ ይውጣል፣ በበጋም ጋዝ እንደተርከፈከፈበት ይነዳል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ እሾሁ ተያያዘና እሳቱ እስከ ዲዮሴሊና በረት ወርዶ ፓሎማ የምትባለውን አንድ ለእናቷ የሆነች የወተት ላሟን ፈጀባት። አመዱ ሳይበርድ ዲዮሴሊና መንገድ ላይ ወጥታ፣ እሾሁን ለድንች ማሳው አጥር ብሎ ያመጣው የኤርሲሊያ ባል አቤላርዶ ነው ብላ ጮኸች። ማስረጃ አላስፈለጋትም። አቤላርዶ ከላይ በኩል ማሳ ነበረው፤ ደግሞም ፈገግታው አይጥማትም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አቤላርዶ ሲሞት ለነፍሱ ለሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ልጇን ኑቢያን ላከች እንጂ እሷ ደጃፉን አልረገጠችም። ጸሎቱን ግን ዘጠኙንም ቀን በግድግዳው በኩል ሰምታዋለች፤ አንዳንዴም አፏ ሳያስፈቅዳት «አሜን» ብሏል።

ቤቷ ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፤ የፊተኛው ክፍል እኩሌታ በኑቢያ የስፌት መኪናና ባላለቁ የተማሪ ዩኒፎርሞች ተይዟል። ኑቢያ አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ስታወራ መኪናውን የመርገጥ፣ እናቷ ዝም ስትል ደግሞ ክር የማስገባት ልማድ አላት።

«አክስትሽን መረጧት» አለች ዲዮሴሊና፣ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ።

«ሰምቻለሁ፣ እማ።»

«ከማን?»

መኪናው ብቻ ጮኸ። ኑቢያ ሐሙስ ሐሙስ፣ እናቷ ለደም ግፊቷ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ምሳዋን አክስቷ ዘንድ እንደምትበላ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ዲዮሴሊናም ታውቃለች፤ ሐሙስ ማታ ልጇ እራት ታስተርፋለች። አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። ከጠየቀች ምን እንደበሉ፣ ቀጥሎም የኤርሲሊያ ወገብ ተሽሏት እንደሆነ፣ ቀጥሎም ማታ ማታ የሚያስላት ምን እንደሆነ መጠየቋ አይቀርም። ያን ሁሉ ከምትጠይቅ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ይቀላታል።

«አንቺስ ብትሆኚ ‹እኔ እጽፍላታለሁ› ብለሽ ልትነግሪያቸው አትችይም ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ኑቢያ። ዲዮሴሊና ልጅቷን ማን እንደወለዳት ትዝ አላትና አፏን ዘጋች።

ተራራውን ለማጽዳት የተጠራው ደቦ በዚያው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሰፈሩ አዳራሽ ፊት ተሰበሰበ። ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማና ጓንት ይዞ ይወጣል፤ ያልወጣ ሰው ስሙ በማግስቱ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ዲዮሴሊና ሩዋና የሚሉትን የሱፍ ካባዋን ደርባ፣ ከዶማው ጋር ቅያሜዋንም ተሸክማ መጣች። ኤርሲሊያ ቀድማ ደርሳ ነበር። ነጭ ፀጉሯን አበጥራ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ የመጣውን ሰው ስም በደብተር ትመዘግባለች። ዲዮሴሊና ስትደርስ ቀና ሳትል ጻፈች። ዲዮሴሊናም ስሟን አልተናገረችም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲኖር ብዙ ቃል ይቆጠባል።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ኢንጂነር ማግዳ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ሐኪም ለታማሚ ቤተሰብ እንደሚያወራ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። ተራራው የከተማው ነው አለች፤ የከተማው ማለት ደግሞ የሁላችሁም ማለት ነው። መጤውና ወራሪው ይነቀላል፣ አገር በቀሉ ይተከላል።

«ኢንጂነር» አለ ዶን ፓርሜኒዮ፣ «መጤ ይነቀል ከተባለማ ከዚህ ሰፈር ማን ሊተርፍ ነው? እኔ ከቶሊማ ነኝ፣ እነዚህ እህትማማቾች ከቦያካ ናቸው።»

«አንተን ለመንቀል ዶማ አያስፈልግም» አለች ዲዮሴሊና። «ሃያ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥከው፤ ሥር አላወጣህም።»

ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ኢንጂነሯ ግን ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቃ አንድ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በሚበር ካሜራ ከሰማይ የተነሣ የተራራው ፎቶግራፍ ነው፤ እሾሃሙ ሬታሞ ባበበበት ወቅት የተነሣ። ከላይ፣ ከድሮዎቹ የድንች ማሳዎች ጠርዝ ላይ፣ እንደ ፈሰሰ እንቁላል የተንጣለለ ቢጫ ይታያል። ከዚያ ቢጫ አንዲት ቀጭን ጅራት ወጥታ፣ የእግር መንገዱን ይዛ፣ ሳትጠፋና ሳትዛነፍ ቁልቁል ወርዳ ሁለት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሥር ትቆማለች። «ነፋስ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይዘራም» አለች ኢንጂነሯ። «ሰው ነው። ይህን ተክል ከላይ እየቆረጠ በዚህ መንገድ ሲጎትት የኖረ ሰው አለ። ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሳይሞት ይቆያል።»

«የዶኛ ዲዮሴሊናን ቂም ነው የሚያህለው በሉኛ!» አለ ከኋላ አንዱ። ዲዮሴሊና ነገሩን እንደ ምስጋና ቆጠረችው።

ሁሉም አንገቱን አስግጎ ሁለቱን ጣሪያዎች አያቸው። አንዱ የዲዮሴሊና ነው፣ አንዱ የኤርሲሊያ። ዲዮሴሊና አንዲት ቃል መናገር አላስፈለጋትም። አሥራ አንድ ዓመት በየዳቦ ቤቱና በየቧንቧው ወረፋ የዘራችው ወሬ በሌላ ሰው አፍ በቀለ፤ አባባሉ እንኳ ቃል በቃል የሷው ነበር። «የአቤላርዶ ሥራ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።» «እሾህ ያመጣ ቤት የዛፍ ጠባቂ ሊሆን ነው?» «ኮሚቴው ይህን ሳያጣራ ነው የመረጠው?»  ኤርሲሊያ ደብተሩን ከደነች፣ እስክሪብቶውን በላዩ አስቀመጠች፣ መነጽሯን አውልቃ በመሐረቧ ጠረገችና ቁልቁል ወደ ቤቷ ሄደች። አልፈጠነችም፣ ዞራም አላየች። ዲዮሴሊና ጀርባዋን እየተመለከተች ሆዷ ውስጥ ፓኔላ የሚሉት የሸንኮራ ስኳር የተበጠበጠበት የሞቀ ውሃ የጠጣች ያህል ጣፈጣት።

ሽቅብ መውጣት ሲጀመር ማን ይቻላት! ከፊት ሆና እየመራች፣ የሚያዳምጣት ባለበትም በሌለበትም ሁሉ ታስተምራለች። ይህ አራያን ነው፣ ቅጠሉን እሹት፤ ይህ የተራራ ቀርከሃ ነው፣ ውሃ የሚይዘው እሱ ነው፣ እንዳትነኩት፤ ያ ባሕር ዛፍ የዛሬ ስልሳ ዓመት ለጡብ ፋብሪካዎቹ ማገዶ ተብሎ የተተከለ ሆዳም ነው። ኢንጂነሯ «ልክ ነዎት» ባለች ቁጥር ዲዮሴሊና ዶን ፓርሜኒዮ መስማቱን ዞር ብላ ታረጋግጣለች። እሱ ደግሞ እያለከለከ ስለነበር ምንም አይሰማም። መሬቱ ለጥ ወደሚልበት ቦታ ሲደርሱ ኢንጂነሯ ቁጢጥ ብላ ከአፈሩ ጣት የምታህል ቡቃያ ነቀለች። ቅጠሏ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ፣ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰች ናት።

«ይህችን ባያችሁ ቁጥር እንዳትምሯት» አለች።

«ኧረ ተይ!» አለች ዲዮሴሊና፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅ የነበረው ይህን ሰዓት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ምን እንዳስተማሩሽ አላውቅም። ይሄ ለስላሳው ሬታሞ ነው። እሾህ የት አለው? በጉንጭሽ ሞክሪው! ይሄንን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው።»

ዶን ፓርሜኒዮ እንኳ ማለክለኩን አቆመ። ኢንጂነሯ አልተከራከረችም። ሁለት እርምጃ ሄዳ፣ ጉልበት የሚደርስ ቁጥቋጦ በዶማ ከሥሩ ፈንቅላ፣ ይዛው መጣች። «ይኸውልዎት እማማ፣ ከታች ይመልከቱት።» ከታች በኩል ግንዱ ሥር ያችው ሦስት ሦስት የተከፈለች ለስላሳ ቅጠል ደርቃ ተንጠልጥላለች። ከፍ ሲል ቅጠሉ ይጠባል፣ ከፍ ሲል ይሾላል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ንጹሕ እሾህ ነው። «ሕፃን ሳለ እሾህ የለውም። ብዙ ሰው ይሳሳታል። እሾሁን የሚያወጣው ሲያድግ ነው።»

«እንደ ልጆቼ!» አለች አንዷ ሴት፤ ተራራው በሳቅ ተሞላ። «ዶኛ ዲዮሴሊና፣ ዓይንዎን ይግለጡት እንጂ!» አለ ሌላው። ዲዮሴሊና መልስ ያጣችው በሳቁ መስሏቸዋል። እሷ ግን ሳቁን አልሰማችውም። የሰማችው የእርጥብ ጆንያ ጠብታ ነው። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ከከተማው ውጭ ግድብ ሲሠራ፣ ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስል ነበር። ሠራተኞቹ አፈሩ እንዳይናድ ብለው ግድቡ ዳር ችግኝ ይተክላሉ። አንዱን ለመነችው፣ መቶ ሃያ ችግኝ ሰጣት። ቅጠሉን በጣቷ አሸችው፤ ለስላሳ፣ ሦስት ሦስት። ለስላሳው ሬታሞ ነው፣ አጥርም መጥረጊያም ይሆነኛል አለች። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ በአውቶቡስ አምጥታ ከማሳዋ አናት ላይ ተከለችው። በኋላ እሾህ ሲበዛ የአቤላርዶ እሾህ የኔን ለስላሳ ዋጠብኝ ብላ አለቀሰች። ጠጉሯ ሸብቶም ብላዋለች፤ ትናንትም ብላዋለች።

ሽንቴ መጣ ብላ ከሰዎቹ ተለየች። ጉልበቷን በሁለት እጇ እየደገፈች እስከ ድሮው ማሳዋ አናት ወጣች። እሷን የሚያህል እሾህ ቆሟል። ሥሩን በዶማዋ እጀታ ገለጥ ገለጥ አደረገችው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተቃጠሉት ጉቶዎች ጠቁረው፣ ከጥቁሩ ሥር እንደገና አቆጥቁጠው፣ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ሰልፉ ግራ ቀኝ አይልም። አንዱን ጉቶ ረግጣ ጫማዋን ከጫማዋ አገናኝታ ለካች፤ ሁለት ጫማና አንድ ስንዝር። ሁለተኛው፤ ሁለት ጫማና አንድ ስንዝር። ባቄላም ሆነ ጎመን፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትተክል የለካችው በዚህ ነው። ሦስተኛውን አልለካችም። ቁልቁል ስታይ ደግሞ መንገዱ ታያት፤ ቢጫዋ ጅራት የተጎተተችበት። በየታኅሣሡ ለገና ቦያካ ከመሄዷ በፊት፣ ሌባ አጥሯን እንዳይዘል ብላ እዚህ ወጥታ እሾህ ትቆርጥና እየጎተተች ወርዳ ግንቧ ላይ ትደረድራለች። «የአቤላርዶ እሾህ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀመኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ኢንጂነሯ በሚበር ካሜራ ያነሣችው የዲዮሴሊናን ቀሚስ ዱካ ነው። ፓሎማን የበላው እሳት የተተከለው በዲዮሴሊና ጫማ ተለክቶ ነው። ለአንድ አፍታ ሌላ ተከሳሽ ፈለገች፤ ችግኙን የሰጣት የግድብ ሠራተኛ ትዝ አላት። ስሙ ጠፋት። ስሙ ትዝ ቢላት ኖሮ እስከ ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው እንደነበር ለራሷ አምና፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ለምሳ አዳራሹ በር ላይ በትልቅ ድስት የድንችና የበቆሎ ሾርባ ቀረበ። ዲዮሴሊና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ዶን ፓርሜኒዮ ሳህኑን ይዞ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኮሚቴው ተነጋግሯል፣ ዶኛ። የኤርሲሊያ ነገር አይሆንም፤ ሰዉ አጉረመረመ። እርስዎ ይሁኑ። ኑቢያ ትጻፍልዎ፣ እርስዎ ይምሩ። ኢንጂነሯም ዕውቀትዎን ወዳዋለች፤ አንዲት ቡቃያ ቢሳሳቱ ምን አለበት?»

ሰባ አራት ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ መጣ፤ ያውም ትኩስ ሾርባ ይዞ። ዲዮሴሊና አንድ ማንኪያ ዋጠች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ማሳውን ማን ይለካል? ሁለተኛ ማንኪያ ዋጠች። ደመወዝ፣ የማዘጋጃ ቤት ኮፍያ፣ ዳቦ ቤት ስትገባ «ኃላፊ» የሚላት ሰው። አቤላርዶ እንደሆነ ሞቷል፤ የሞተ ሰው ስም አይጎድፍበትም። ሦስተኛውን ማንኪያ ዋጠች። ሦስት ማንኪያ ሾርባ እስክትውጥ ድረስ ዲዮሴሊና ሌባ ነበረች፤ ሾርባው ጨው ባይበዛበት ኖሮ አራተኛም ትጨምር ነበር። ከዚያ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች።

«ዝም በሉ!» አለች። «እሾሁን የተከልኩት እኔ ነኝ። መቶ ሃያ ችግኝ፣ ከግድቡ፣ በጆንያ። አቤላርዶ አይደለም። በመንገዱ የጎተትኩትም እኔ ነኝ።»

 ከዚያ አንዱ «ፀሐይ መታቸው መሰለኝ፣ ውሃ ስጧቸው» አለ። ሌላዋ ወንበር ይዛ ሮጠች። ዶን ፓርሜኒዮ ክንዷን ይዞ «ዶኛ፣ ለእህትዎ ብለው ነው፣ ገብቶናል፣ ትልቅ ልብ ነው» አላት። ዲዮሴሊና ተቃጠለች። ስትዋሽ አሥራ አንድ ዓመት አምነዋት፣ አንድ ቀን እውነት ብትናገር ደግነት ነው ይሏታል!

«ምን ትልቅ ልብ ነው የምትለኝ፣ አንተ ደረቅ! እኔ ልብ አለኝ? ላሜን ያቃጠልኩት እኔው ነኝ እያልኩህ ነው! ሂዱና ጉቶውን ለኩት፤ ሁለት ጫማ ከስንዝር ነው፤ ጫማዬም ይኸው!» ብላ የቀኝ ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ከሾርባው ድስት አጠገብ። ኢንጂነር ማግዳ ጫማውን አላየችም፤ የተራራውን ፎቶግራፍ ነው ያየችው። ጣቷን ቢጫው ከጀመረበት ላይ አድርጋ «የማሳው አናት፣ ቀጥ ያለ ረድፍ…» አለችና ቀና ብላ «ልክ ነዎት፣ እማማ» አለቻት። ያን ቀን የሰማችው ስንተኛው «ልክ ነዎት» እንደሆነ ዲዮሴሊና አልቆጠረችም፤ ያልወደደችው ግን ይህን ብቻ ነው።

«ታዲያ ሥራው…» አለ ዶን ፓርሜኒዮ።

«የኤርሲሊያ ነው። ደብተሩን ወዲህ በል።»

የኤርሲሊያ በር አልተቆለፈም፤ ዲዮሴሊና ግን ማንኳኳት እንዳለባት አሰበችና በደብተሩ ጀርባ መታችው። አሥራ አንድ ዓመት በድምፅ ብቻ ስታውቀው የኖረችው ክፍል ተከፈተ። ሬዲዮው መስኮቱ ጋ ይሆናል ብላ ነበር፤ ለካ አልጋው ራስጌ ነው። ሲሲሲ የሚለው ነገር የሻይ ጀበና መስሏት ኖሯል፤ ለካ የሚያፈስ ቧንቧ ነው። የአቤላርዶ ባርኔጣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራ የለበትም። ኤርሲሊያ ጭኗ ላይ ሳህን አስቀምጣ አተር ትፈለፍላለች።

«ደብተርሽን ረስተሽ ሄድሽ» አለች ዲዮሴሊና።

«አልረሳሁትም፤ ትቼው ነው የመጣሁት። አንዱ ጫማሽስ?»

«ጫማውን ተዪው። እሾሁን የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ዲዮሴሊና የበሩን ጉበን ያዘች። «ታውቂያለሽ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ነዋ። የጆንያውን ሌላ ጫፍ ይዤ ከአውቶቡስ ያወረድኩት እኔ አይደለሁም? ቀሚሴ ሁሉ ነበር የራሰው።»

«ታዲያ አንቺ ድዳ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ እንጂ። ላሟ በሞተች በሦስተኛው ቀን ነገርኩሽ። ‹አንቺ ቅጠል ከደብተር የተማርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ› አልሽኝ። ደብዳቤም ጽፌልሻለሁ፣ ኑቢያ ታነብልሽ ብዬ። ምድጃ ውስጥ ጨመርሽው አለችኝ።»

ጨምራዋለች። እሳቱ እንኳ እንዴት እንደያዘ ትዝ ይላታል፤ ጠዋት እሳት ለማቀጣጠል ደረቅ ወረቀት አጥታ ነበርና ተመችቷት ነበር። ኤርሲሊያ አንድ ቅርፊት ፈልቅቃ አተሮቹን ሳህኑ ውስጥ አዘነበች። 

«አቤላርዶስ?» አለች ዲዮሴሊና በመጨረሻ። «እሱስ ያውቅ ነበር?»

«ያውቃል። ‹ተያት፣ ትጩህ፣ ላም የሞተባት ሴት ናት› ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ ያለው ይህንኑ ነው።»

ዲዮሴሊና አንድ ባዶ እግሯን በሌላው ላይ አድርጋ ቆመች። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር። ባርኔጣውን አየች፣ ዓይኗን መለሰች።

«የት ነው ያለው?» አለች።

«ከአራት ዓመት በኋላ ከመቃብሩ አስወጡት፤ ደንባቸው ነው፣ ቦታው ለሌላ ይፈለጋል። አጥንቱን እኔ ነኝ የተረከብኩት። ብቻዬን ነበርኩ፤ ለኑቢያ አልነገርኳትም፣ አንቺ እንዳትቆጪያት ብዬ። አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው፣ ግድግዳው ላይ፣ ከትንንሾቹ ሳጥኖች ባንዱ ውስጥ።»

«ስንት ሳጥን አለ እዚያ?»

«ምኑን አውቄ? አራት መቶም ይሆናል፣ አምስት መቶም። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።»

ዲዮሴሊና ደብተሩን አተሩ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችና፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ ሳትጋበዝ እህቷ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሳህኑ አንድ እፍኝ ያልተፈለፈለ አተር አንሥታ መፈልፈል ጀመረች፤ እንደ ሁልጊዜውም ከኤርሲሊያ ፈጠነች።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ትወስጂኛለሽ» አለች፣ ዓይኗን ከአተሩ ሳታነሣ። «ፊት ፊት እንዳትሄጂ፣ ጉልበቴ አይችልም። ስሙ የተጻፈበት ላይ እጄን ይዘሽ ታሳርፊልኛለሽ፤ እያንዳንዱን ፊደል ታነቢልኛለሽ፣ ከስሙም እስከ አባቱ ስም። ማንበብ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ሳጥኑን ስቼ የሌላ ሴት ባል ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ እንዳልለምን!»